የቺንጋው ውጥረትና የባለቤቱ ውጥረት

ሞተር ሳይክል ሞተሩ የሚያመነጨውን ኃይል ወደ ኋላ ጎማው የሚያደርስበት መንገድ ሦስት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው በብረት ቀለበቶች የተያያዘው ካቴና፣ ሁለተኛው በመኪና እንደተለመደው ያለ የሚሽከረከር የብረት ዘንግ፣ ሦስተኛውና ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ደግሞ በውስጥ በኩል ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ፣ በጋራዥ አነጋገር ቺንጋ ነው። ካቴናም ሆነ ቺንጋ ወደ አማርኛ የገቡት ከጣልያንኛ ሲሆን፣ ከካንዴላ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከኩሽኔታና ከካቻቢቴ ጋር አብረው መጥተው፣ ያመጣቸው ሰው ተባርሮ ሲሄድ እነሱ ቤቱን ወርሰው የቀሩ እንግዶች ናቸው። በጣልያንኛ ቺንጋ የሚለው ቃል ለማሽን ቀበቶ ብቻ ሳይሆን ኮርቻን በከብቱ ሆድ ዙሪያ አጥብቆ ለሚይዘው ማሰሪያም ያገለግላል፤ ይህም የቃሉን ባለቤቶች ማስተዋል ያሳያል፣ በቅሎ የጫነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የሆድ ማሰሪያው ከላላ ተቀማጩ ከነኮርቻው ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ይገኛል፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ በቅሎዋ ዞር ብላ ትነክሳለች። የሞተር ሳይክል ቺንጋም ጠባዩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የሚነክሰው በደረሰኝ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታዩት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ባለ ካቴና ስለሆኑ፣ ቺንጋ ሲባል ለብዙው አንባቢ የሚታወሰው ወይ የመኪና ማራገቢያ የሚያዞረው ቀጭን ቀበቶ ወይም በወፍጮ ቤት በር ላይ ወረፋ ሲጠበቅ ከውስጥ የሚሰማው፣ እህል ሲበዛበት የሚንሸራተተውና የሚጮኸው ቀበቶ ነው። ኋላ ጎማን በቺንጋ የማዞር ልማድ በእጅጉ የሚታየው በአሜሪካ፣ በተለይም የሚልዋኪው ሃርሊ ዴቪድሰን በሚሠራቸው ከባድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻም እንዲህ ያለውን ሞተር ሳይክል ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ካቆመ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ጽሑፍ እሱንም ይመለከተዋል።

የካቴናና የቺንጋ ልዩነት በመጻሕፍት የሚገለጸው በክብደት፣ በድምፅና በዕድሜ ነው፤ ሆኖም ዋናው ልዩነት ያለው በባለቤቱ ኑሮ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ካቴና ለባለቤቱ ሥራ ይሰጠዋል፤ በየጊዜው ይታጠባል፣ ዘይት ይቀባል፣ ይረዝማል፣ ይወጠራል፣ ዘይቱንም በባለቤቱ ሱሪ ላይ ይረጫል፤ ባለቤቱም እጁን በሳሙና ፈትጎ ሲጨርስ አንድ ነገር እንደሠራ ሰው ረክቶ ይተኛል። ቺንጋ ግን ዘይት አይቀባም፣ እንዲያውም ዘይት ጠላቱ ነው፤ አይቆሽሽም፣ አይንኳኳም፣ በትክክል ከተወጠረ በኋላም ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይነካ ሊሄድ ይችላል። ሥራ ያጣው እጅ ሐሳብ ይወልዳልና፣ የቺንጋ ባለቤት ሊያደርገው የሚችለው ብቸኛ ነገር መመርመር ይሆናል፤ ይመረምራል፣ ይጠራጠራል፣ ደግሞ ይመረምራል።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሞተር ሳይክሎች፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ሥራውን የጀመረው ሃርሊ ዴቪድሰን የሠራቸውን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ የሚጎተቱት ጥርስ በሌለው የቆዳ ቀበቶ ነበር። የቆዳን ጠባይ ለማስረዳት ደግሞ አማርኛ ተናጋሪን ያህል የተዘጋጀ አንባቢ አይገኝም፤ ከበሮ በክረምት እርጥበት ረግቦ ድምፁ ሲታፈን እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ያየ፣ በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ጠፍሩ ከመርገቡ የተነሣ ሌሊቱን መሀል ላይ ተሰብስቦ ያደረ ሰው፣ የዚያ ዘመን ነጂ በዝናብ ቀን ዳገት ላይ ምን እንደገጠመው ሳይነገረው ይረዳዋል። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ያጓራል፣ ቀበቶው በፑሊው ላይ፣ ማለትም ቀበቶው በሚጠመጠምበት መንኮራኩር ላይ፣ ይንሸራተታል፣ ሞተር ሳይክሉም ባለበት ይቆማል። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ በሚካሄደው ታዋቂ ውድድር ላይ ባለ ቀበቶዎቹ ለጥቂት ዓመታት ተከብረው ቆዩ፤ በ1911 ግን ውድድሩ ወደ ተራራማው መንገድ ሲዛወር ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ባለ ካቴና ሞተር ሳይክሎቹን አቅርቦ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ደረጃ ጠቅልሎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ለቀበቶ ጠበቃ የሚቆም እየጠፋ ሄደ። የእንግሊዙ ትራያምፍ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ30,000 ገደማ ቁጥር ለጦር ሠራዊት ያቀረበው ሞዴል ኤች እንኳ ከሞተር እስከ ማርሽ ያለውን በካቴና፣ ከማርሽ እስከ ኋላ ጎማ ያለውን በቀበቶ በማድረግ ለሁለቱም ወገን ያደላ ሽማግሌ መስሎ ቀርቧል።

ቀበቶ ከዚህ ውርደት የተነሣው በሁለት ነገሮች ምክንያት ነው፤ አንደኛው እንዳይንሸራተት ጥርስ ማብቀሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንዳይረዝም በሆዱ ውስጥ የሚዘረጋለት ጠንካራ ክር መገኘቱ ነው። ይህን ክር፣ ኬቭላር የተባለውን፣ ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1965 ለመኪና ጎማ የሚሆን ቀላልና ብርቱ ክር ስትፈልግ ነበር። በላቦራቶሪዋ ያዘጋጀችው ፈሳሽ እንደሚጠበቀው የጠራና ወፍራም መሆኑ ቀርቶ ቀጭንና ድፍርስ ስለሆነ፣ የመፍተያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ቀዳዳዎቹን ይዘጋብኛል ብሎ በመጀመሪያ አመንትቶ ነበር፤ ድፍርስ ነገር መናቅ እንደሌለበት ለመረዳት ጉሽ ጠላ ማወቅ ይበቃ ነበር፣ ሰውዬው ግን የጠላ አገር ሰው አልነበረም። በኋላ የጥይት መከላከያ ልብስ የተሠራበት ያው ክር ለሞተር ሳይክል ቺንጋም አከርካሪ ሆነ፤ ሃርሊ ዴቪድሰንም እ.ኤ.አ. በ1980 ስተርጂስ ብሎ ባወጣው ሞዴል ከሞተር እስከ ማርሽም ከማርሽ እስከ ጎማም በቺንጋ አድርጎ፣ ሰባ ዓመት ያህል እንደ ተሸነፈ ይቆጠር የነበረውን ቀበቶ በክብር መለሰው።

የማይረዝም ቀበቶ ከተገኘ ውጥረቱን መለካት ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ቺንጋው ባይረዝምም በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። የኋላ ጎማውን የሚሸከመው ረጅም ክንድ በሞላ ላይ ተደግፎ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ክንዱ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ደግሞ የፊተኛው ፑሊ ካለበት ቦታ ጋር አንድ ስላልሆነ፣ ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ፑሊው፣ መገጣጠሚያውና የጎማው መሀል በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ርቀቱ ከሁሉ ይረዝማል፣ ቺንጋውም ያን ጊዜ ከሁሉ በላይ ይወጠራል። ስለዚህ ሞተር ሳይክሉ ቆሞ ሳለ እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ቺንጋ፣ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ጊዜ መድረሻ ያጣል፤ ቺንጋው በቀላሉ አይበጠስምና ቂሙን በኩሽኔታዎች ላይ፣ ማለትም የሚሽከረከሩትን ዘንጎች በሚሸከሙት ባለ ኳስ ቀለበቶች ላይ ይወጣል። ከልክ በላይ የረገበ ቺንጋ ደግሞ ነጂው ነዳጁን በድንገት ሲሰጠው ጥርሱን ከፑሊው ጥርስ ላይ ያዘልላል፣ ድምፁም ልብስ በኃይል የሚቀደድ ይመስላል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ቃል አላጣም፤ ችግሩ የበዛለት መሆኑ ነው። ድንኳንና ከበሮ ይወጠራሉ፣ ክርና ጠብ ይከራሉ፣ ቋጠሮና ሕግ ይጠብቃሉ፣ ዳዶና ሥነ ሥርዓት ይላላሉ፣ ጅማትና ቁጣ ይረግባሉ። በጋራዥ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ሀብት ይታጠፍና «ጠበቅ አድርገው» እና «ላላ አድርገው» በሚሉ ሁለት ትእዛዛት ይጠቃለላል፤ እነዚህም በአዲስ አበባ የሶማሌ ተራ መካኒኮች ዘንድ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ የተረጋገጡ መለኪያዎች ናቸው። «ጠበቅ» ከ«ጥብቅ» የሚያንስ፣ ከ«ትንሽ ጠበቅ» የሚበልጥ ሲሆን፣ ልኩን የሚያውቀው የመካኒኩ ክንድ ብቻ ነው፤ ረዳቱም ክንዱ እስኪማር ድረስ ስንት ብሎን እንደቆረጠ በይፋ አይነገርም።

የፋብሪካው መመሪያ ግን «ጠበቅ» የሚለውን አይቀበልም። መመሪያው የሚለው፣ ማርሹ ወጥቶ፣ ሞተሩ በርዶ፣ የታችኛው የቺንጋ ወገን መሀል ላይ በ10 ፓውንድ፣ ማለትም በ4.5 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ ላይ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚነሣ ይለካ ነው፤ መጠኑም እንደ ሞዴሉ የሚለያይ ሆኖ ለአንዳንዶቹ ከ5/16 እስከ 3/8 ኢንች ነው። በኪሎና በሜትር ላደገ ሰው የመጀመሪያው መከራ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ያልተገናኛቸውን ክፍልፋዮች ጋራዥ ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ እንደገና ያገኛቸዋል፣ አምስት አሥራ ስድስተኛ ይበልጣል ወይስ ሦስት ስምንተኛ የሚለውንም በልቡ ይከራከራል። ወደ ሚሊሜትር ሲመነዘር ነገሩ ከ7.9 እስከ 9.5 ይሆናል፤ ይኸውም ቺንጋው ረገበ በሚባልበትና ከረረ በሚባልበት መካከል ያለው ነፃ አገር ስፋቱ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ፣ አንድ ሁለት የጤፍ ፍሬዎች ተደርድረው የሚሸፍኑት ነው ማለት ነው።

ለመለኪያው የተሠራ መሣሪያ በገበያ አለ፤ በእጀታው ውስጥ ሞላ ያለውና ሲገፋ የኃይሉን መጠን የሚያሳይ ቀላል ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሰዎች ሁለት እጅ ብቻ እንዳላቸው የዘነጋ ሰው የሠራው ይመስላል፣ ምክንያቱም አንዱ እጅ መሣሪያውን ሲገፋ፣ ሌላው ማስመሪያውን ሲይዝ፣ መብራቱን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል፤ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ የሚያበራ ነጂ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ አይችልም። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ትጠራለች። እሷም ወጥ ምድጃ ላይ ጥዳ የመጣች ስለሆነ ቀልቧ ሁለት ቦታ ነው።

«ስንት ላይ ደረሰ?» ይላል ከወለሉ ላይ።

«ትንሿ መስመር ላይ።»

«የትኛዋ ትንሽ መስመር?»

«ከትልቋ ቀጥላ ያለችው።»

ማስመሪያው ላይ ከትልቋ መስመር ቀጥለው ያሉ ትንንሾች ብዙ መሆናቸው የሚታወቀው ወጡ ማረር ሲጀምር ነው። አንዳንድ ሞዴሎች የታችኛውን ወገን በሚሸፍነው መከለያ ላይ የቺንጋው መነሣት የሚነበብባት መስመር ያላት ትንሽ መስኮት ስላላቸው፣ የእነዚህ ባለቤቶች ትዳር ከሌሎቹ የተሻለ ሰላም እንዳለው መገመት ይቻላል።

ክብደትን በተመለከተም መመሪያዎች አይስማሙም፤ አንዱ ሞተር ሳይክሉ ላይ ማንም ሳይቀመጥ ይለካ ሲል፣ ሌላው ነጂው ተቀምጦበት ይለካ ይላል፣ ነጂው ደግሞ ከሥር ተኝቶ የሚለካው እሱ ስለሆነ ሌላ ሰው መቀመጥ ይኖርበታል። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡ አማት ቤት ውስጥ ካሉ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ይወጣሉ።

«ወዴት ልትወስደኝ ነው ልጄ?»

«የትም አንሄድም እማማ፤ ዝም ብለው ይቀመጡልኝ።»

«የማይሄድ ከሆነ ታዲያ ለምን አስወጣኸኝ?»

ይህ ጥያቄ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ መልስ አልተሰጠውም። በተጨማሪም የፋብሪካው መሐንዲስ በሐሳቡ የያዘው ነጂ የአማቲቱን ያህል የሚከብድ መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

መለካት ካልቀረ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ለክቶ መተው አይበቃም። ከፑሊዎቹ መካከል ፍጹም ክብ የሆነ፣ መሀሉም በትክክል መሀል ላይ የተቀመጠ ስለማይገኝ፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ቺንጋው አንድ ቦታ ላይ ይከርራል፣ ሌላ ቦታ ላይ ይረግባል፤ ሕጉም ከሁሉ የከረረበትን ቦታ ፈልጎ እዚያ ላይ መለካት ነው። ብዙ የተበላሸ ልኬት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ነጂው ቸኩሎ የረገበው ቦታ ላይ ይለካል፣ «ላልቷል» ብሎ ያጠብቃል፣ ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞር ግን ያ ቺንጋ እንደ በገና ጅማት ይወጠራል። ሁለተኛው ምንጭ ሙቀት ነው። ሞተር ሳይክሉ ሮጦ ሲመጣ አሉሚኒየሙ ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ በፑሊዎቹ መካከል ያለውን ርቀትም ያስረዝማል፤ በቺንጋው ሆድ ውስጥ ያለው ኬቭላር ግን ከአብዛኛው የዓለም ነገር በተቃራኒ ሲሞቅ ቁመቱ በጥቂቱ ያጥራል። አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ሲሰበሰብ መካከላቸው ያለው ነገር እንደሚከርር ለማወቅ ባልና ሚስት ሆኖ ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር መተኛት ብቻውን በቂ ነው። ስለዚህ ልኬት የሚካሄደው ሞተር ሳይክሉ አድሮ ከበረደ በኋላ ሲሆን፣ ከሥራ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ የሚለካ ሰው የሚለካው የዕለቱን ጉዞ ነው።

ልኬቱ ከልክ የወጣ ሆኖ ሲገኝ የማስተካከሉ ሥራ በጽሑፍ ሲነበብ ቀላል ነው። ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ አጥብቆ የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ይላላል፣ በግራና በቀኝ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች እኩል ይዞራሉ፣ ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ቺንጋው ይጠብቃል፣ ዳዶው ተመልሶ ይታሰራል። «እኩል» የምትለዋ ቃል ግን በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደበቀች ወጥመድ ናት። ብሎኑ ባለ ስድስት ጠርዝ ስለሆነ ጥንቁቅ ሰው ጠርዝ እየቆጠረ ያዞራል፤ ግራውን ሁለት ጠርዝ አዙሮ ወደ ቀኝ ሲዞር ግን ስልክ ይጠራል፣ ወይም ከጎረቤት አንድ አዋቂ ሰው መጥቶ ቆሞ ያያል፣ ሲመለስ ሁለት ነበር ወይስ ሦስት የሚለው ይጠፋዋል። አንዱ ወገን ከሌላው ከበለጠ ጎማው በጥቂቱ ተጣምሞ ይቆማል፣ ቺንጋውም ወደ አንዱ የፑሊ ጠርዝ እየተጠጋ ጎኑን ይፈትጋል፤ ትክክለኛው ማረጋገጫ በሁለቱም ወገን ከክንዱ መገጣጠሚያ መሀል እስከ ጎማው ዘንግ መሀል ያለውን ርቀት መለካት እንጂ ከኋላ ቆሞ አንድ ዓይን ጨፍኖ ማየት አይደለም፣ ምንም እንኳ ሁለተኛው ዘዴ ለተመልካች ይበልጥ የባለሙያ ቢመስልም።

ከሁሉ የሚያስመርረው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ልኬቱ 8 ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ ነጂው ትንፋሹን ይዞ ዳዶውን ያጠብቃል፤ ዳዶው በብዙዎቹ ከባድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ከ130 ኒውተን ሜትር በላይ ይጠብቃል፣ ይኸውም የአንድ ሜትር እጀታ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ከ13 ኪሎ በላይ እንደ መስቀል ነው። በዚህ ኃይል የታሰረ ዘንግ ግን ቀድሞ በነበረበት ቦታ ሊቆይ ፈቃደኛ አይደለም፤ በጥቂቱ ይንሸራተታል፣ ልኬቱም ይለወጣል። መመሪያው ለዚህ የሚሰጠው ምክር አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ እሱም ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለኩ የሚል ነው። ስለዚህ ይፈታል፣ አንድ ጠርዝ ይመለሳል፣ ይታሰራል፣ ይለካል፤ አሁን ደግሞ ረግቧል። ልምድ ያለው መካኒክ ዳዶው ሲጠብቅ ምን ያህል እንደሚወስድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ያን ያህል አጉድሎ ይተወዋል፤ የቤት መካኒክ ግን ይህን የሚያውቀው አምስተኛው ዙር ላይ፣ ጎረቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ዘመናዊነት በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ መንገድ ጨምሯል። የተወጠረ ነገር ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ በውጥረቱ፣ በርዝመቱና በክብደቱ ስለሚወሰን፣ ቺንጋም እንደ ጅማት ተመትቶ በድምፁ ሊለካ ይችላል፤ ጌትስ የተባለው የቺንጋ አምራች ለብስክሌት ቺንጋዎች ይህን በስልክ ማይክሮፎን አዳምጦ የሚነግር መተግበሪያ አውጥቷል። ክራር ሲቃኝ ያየ ሰው ሐሳቡ አዲስ ላይሆንበት ይችላል፤ ክራር ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እየተባለ በአራት ቅኝት ሲቃኝ፣ ቺንጋ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱንም ጎረቤት ሣር የሚያጭድበት ማሽን ካላቆመ ስልኩ አይሰማውም።

ስለ ቀሪው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጠጠር በቺንጋውና በፑሊው መካከል ገብቶ ቀዳዳ ሊያወጣ ስለሚችል ከአቧራማ መንገድ በኋላ ማየት ይገባል፤ አዲስ ቺንጋም ገዝቶ እንደ እንጀራ አጥፎ በቦርሳ መያዝ ክልክል ነው፣ በጥይት የማይበገረው ክር በጠባብ መታጠፊያ ላይ ከውስጥ ስለሚሰበርና ስብራቱ ከውጭ ስለማይታይ።

እንግዲህ ልኬቱ ተስተካክሎ፣ ዳዶው ጠብቆ፣ መሣሪያው ተጠራርጎ በሣጥኑ ከገባ፣ መብራቱም ከጠፋ በኋላ፣ ቀጣዩ ምርመራ በመመሪያው መሠረት ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይሆናል። የቺንጋ ባለቤት ግን በማግስቱ ጠዋት ቡናውን ይዞ ወደ ጋራዡ ይወርዳል፣ ሞተር ሳይክሉ ሌሊቱን አድሮ በርዷልና፣ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ወገን በአውራ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ ጎማውን ሩብ ዙር አዙሮ ደግሞ ገፋ ያደርገዋል፤ ከዚያም ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ማስመሪያውን ያወጣል።